ብረቱን ብቻ ሳይሆን የያዘውንም ጉጠት እንወቅ

በማሠልጠኛችን የሳይንስ ዕጩ መምህራን ዘንድ ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ «ነገ ተመድበን የምንሄደው ገጠር ነው፤ የምናስተምረውም የገበሬ ልጅ ነው፤ ታዲያ ይህ ኮምፕሌክስ፣ ይህ ሊጋንድ፣ ይህ የክሪስታል ቅርጽ የሚሉት ጣጣ ለምናችን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የስንፍና ጥያቄ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ጊዜውንና ጉልበቱን የሚያጠፋ ሰው ስለምን እንደሚያጠፋ መጠየቁ ተገቢ ነው። መልስ ሳያገኝ ሲቀር ግን ትምህርቱን ለፈተና ያህል ይሸመድደውና ፈተናው ባለቀ ማግሥት ይረሳዋል። ነገ ደግሞ ራሱ ያልገባውን ለልጆች ያወርሳል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለጥያቄው አንድ መልስ ለማቅረብ ነው። በበኩሌ ትምህርቱ ይጠቅማል፣ የማይጠቅመው አያያዛችን ነው እላለሁ። ቀመሩን እንጂ ቅርጹን አናይም፤ ስሙን እንጂ ሥራውን አንጠይቅም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዲሉ ሆኖብናል። ላሟ ግን ሰማይ ላይ አይደለችም፤ በየደጃችን ነው የቆመችው። ከቡሬ እስከ ሊበን ባለው ቀይ አፈር ውስጥ፣ በእናቶቻችን ሊጥ ቡሃቃ ውስጥ፣ በየደም ሥራችንም ውስጥ አለች።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። አንጥረኛ የጋለ ብረት በእጁ አይዝም፤ በጉጠት ነው የሚይዘው። ብረቱ መቼና የት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቀጠቀጥ፣ መቼ ውሃ ውስጥ እንደሚነከር የሚወስነው ጉጠቱ ነው። በኬሚስትሪም እንዲሁ ነው። መዳብ፣ ብረት፣ ዚንክ፣ ኮባልት፣ ማግኒዝየምና የመሳሰሉት በውሃ ውስጥም ሆነ በሕያዋን አካል ውስጥ ራቁታቸውን አይዞሩም። ዙሪያቸውን ሌሎች ቅንጣቶች ይይዟቸዋል። እነዚህ ያዦች ሊጋንድ ይባላሉ። ብረት አስተኔውና ሊጋንዶቹ አንድ ላይ ሲሆኑ ኮምፕሌክስ ይባላሉ። ሊጋንዱ ከካርቦን የተሠራ ሆኖ በሁለት፣ በሦስት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ክንድ አንዱን ብረት አስተኔ ጨምድዶ ሲይዘው ኬሌት ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን የሸርጣን ጥፍር ማለት ነው። ስሙን ለሰጡት ሰዎች ሸርጣን ታያቸው፤ የእኛ አገር ሰው ቢሰይመው ኖሮ ጉጠት ይለው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ጉጠቱ ስንት ክንድ እንዳለው፣ ክንዶቹም በየት በኩል እንደሚይዙ እንዴት ታወቀ? አቶም በዓይን አይታይ፣ በተለመደው የብርሃን ማይክሮስኮፕ አይታይ! መልሱ ክሪስታል ነው። ክሪስታል ማለት ቅንጣቶች እንደ ሰልፈኛ ረድፍ ይዘው፣ አንዱ ከሌላው እኩል ርቀት ጠብቆ፣ በአራቱም አቅጣጫ ወደላይም ወደታችም የተደረደሩበት ጠጣር ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአፋር ምድር በግመልና በበቅሎ እየተጫነ የደጋውን ገበያ ሲያጠግብ የኖረው አሞሌ ጨው የክሪስታል ክምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1912 ጀርመናዊው ማክስ ፎን ላወ ራጅ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በሥርዓት እንደሚበታተን ከባልደረቦቹ ጋር አሳየ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ4,000 እስከ 7,000 አንግስትሮም ገደማ ነው። በክሪስታል ውስጥ በጎረቤት አቶሞች መካከል ያለው ርቀት ግን ከ1 እስከ 3 አንግስትሮም ያህል ብቻ ነው። አንድ አንግስትሮም የአንድ ሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው። በጋቢ ፈትል ዘሐ አይቆጠርም፤ ቀጭን መርፌ ያስፈልጋል። ራጅ ያ ቀጭን መርፌ ነው፤ ርዝመቱ ከአቶሞቹ ርቀት ጋር ይመጣጠናልና።

በማግሥቱ፣ በ1913፣ እንግሊዛውያኑ ብራግ አባትና ልጅ የጨውን ውስጥ አነበቡ። ያገኙትም ብዙ መምህራን ያልጠበቁትን ነበር። በጨው ክሪስታል ውስጥ «አንድ ሶዲየም ከአንድ ክሎሪን ጋር ተጋብቶ» የሚባል ጥንድ የለም። እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪን ይከበባል፤ እያንዳንዱም ክሎሪን በስድስት ሶዲየም። ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚያስተምረው የሰሌዳ ሥዕል በአንድ ጊዜ ተናጋ። ልጁ ሎረንስ ብራግ በ1915 የኖቤል ሽልማትን ከአባቱ ጋር ሲካፈል ዕድሜው ገና 25 ዓመት ነበር፤ ከመካከላችን ካሉት ብዙዎች ብዙም የማይርቅ ዕድሜ ነው።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተከፈተ። በ1934 ቢቨርስና ሊፕሰን የኮፐር ሰልፌትን ሰማያዊ ድንጋይ አነበቡ። ሁላችንም «አምስት ውሃ» ብለን በቃል የምናወርደው ቀመር ውስጥ አምስቱ ውሃዎች እኩል አይደሉም። አራቱ መዳቡን ዙሪያውን ይይዛሉ፤ አምስተኛው ግን መዳቡን ሳይነካ በመካከል ተንጠልጥሎ ይኖራል። ድንጋዩን ስናሞቀው የሚነጣውና ውሃ ስናንጠባጥብበት ተመልሶ ሰማያዊ የሚሆነው በዚሁ በውሃዎቹ መሄድና መመለስ ነው። ቀመሩ «አምስት» ይላል፤ ቅርጹ ግን «አራትና አንድ» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመሸምደድና የማወቅ ልዩነት ነው።

ከዚያም ወደ ሕይወት ምሥጢር ተገባ። ዶርቲ ሆጅኪን የተባለችው ሳይንቲስት በ1910 ካይሮ ውስጥ የተወለደች ስትሆን፣ ከወጣትነቷ ጀምሮ የእጆቿ መገጣጠሚያዎች በሪህ በሽታ ይሠቃዩ ነበር። በእነዚያው እጆች ጥቃቅን ክሪስታሎችን እየያዘች የፔኒሲሊንን፣ በኋላም በ1950ዎቹ አጋማሽ የቫይታሚን ቢ12ን ቅርጽ ከባልደረቦቿ ጋር ገለጠች። ቢ12 ቀይ ክሪስታል ነው። እምብርቱ ላይ አንድ ኮባልት ተቀምጧል፤ ዙሪያውን የካርቦንና የናይትሮጅን ቀለበት ይዞታል። በ1964 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ማክስ ፔሩትዝ ደግሞ የደማችንን ሄሞግሎቢን ማጥናት የጀመረው በ1937 ሲሆን፣ ቅርጹ በግልጽ የታየው በ1959 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ማለት ነው! እኛ በሃያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ገልብጠን «ገባኝ» የምንለውን ነገር ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ወሬ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። እስቲ ወደ አገራችን እንመለስ።

አንደኛ፣ አፈራችን። በምዕራብ ጎጃም ደጋና ወይናደጋ ያለው ቀይ አፈር ብዙ ዝናብ የሚያጥበው ስለሆነ እያደር ይኮመጥጣል። በአገር አቀፍ ደረጃ በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ገደማው አሲዳማ መሆኑን ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች እየወረደ ሲሄድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የኖረው አልሙኒየም መሟሟት ይጀምራል። ስድስት ውሃ ዙሪያውን ይዘውት በአፈሩ እርጥበት ውስጥ ይዞራል። የገብሱንና የስንዴውን ሥር ጫፍ የሚያቃጥለው ይህ ነው። ሥሩ ያጥራል፣ ይደነድናል፤ ማዳበሪያ ቢበተንለትም ፎስፈረሱን አልሙኒየምና ብረት ቀድመው ያስሩበታል። ገበሬው «መሬቱ ከዳኝ» ይላል። መሬቱ ግን አልከዳም፤ ጉጠቱ ነው የተለወጠው።

ይህን የሚቋቋሙ የስንዴና የገብስ ዝርያዎች መኖራቸው በጥናት ታውቋል። እንዴት ይቋቋማሉ ቢባል፣ ከሥራቸው ጫፍ ማሌት ወይም ሲትሬት የሚባሉ የኦርጋኒክ አሲድ ቅንጣቶችን ያመነጫሉ። ሲትሬት ማለት ሎሚን ሎሚ ያሰኘው የሲትሪክ አሲድ ልጅ ነው። እነዚህ ቅንጣቶች አልሙኒየሙን በክንዶቻቸው ጨምድደው ይይዙትና ሥሩን እንዳይነካ ያደርጉታል። ተክሉ ራሱ ጉጠት ሠርቶ መርዙን ያስራል ማለት ነው። የበሰበሰ ፍግና ኮምፖስትም የሚረዳው በከፊል በዚሁ መንገድ ነው፤ በውስጡ ያሉት የኦርጋኒክ አሲዶች አልሙኒየሙን ያስሩታል። ኖራ ደግሞ ፒኤቹን ከፍ አድርጎ አልሙኒየሙ ከውሃ ወጥቶ እንዲዘቅጥ ያደርገዋል። እንግዲህ ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ሲነድ የሚነደው ማዳበሪያ ብቻ አይደለም፤ የአልሙኒየም ማሰሪያውም አብሮ ይነዳል። ማገዶ ያጣች እናት ኩበት ብታነድ አይፈረድባትም። ነገር ግን ልጇን የምናስተምር እኛ ምን እየነደደ እንደሆነ ማወቅና ማስረዳት አለብን።

ሁለተኛ፣ እንጀራችን። ጤፍ በብረት የታወቀ እህል ነው፤ ከፊሉ ብረት በአውድማ ላይ ከአፈር የሚመጣ መሆኑም ይታወቃል። ይሁን እንጂ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ወደ ደማችን አይገባም። በእህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ስድስት የፎስፌት ክንድ ያለው ሊጋንድ አለ፤ ብረቱንና ዚንኩን አጥብቆ ስለሚይዝ አንጀት ሊወስደው አይችልም። እናቶቻችን ግን ላቦራቶሪ ሳይገቡ መፍትሔውን ይዘውታል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ይኮመጥጣል፤ በመኮምጠጡም ፋይቴትን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይሠራል። ጉጠቱ ይሰበራል፤ ብረቱም ይፈታል። ደህና ያልቦካ ሊጥ ከቦካው ጋር እኩል እንዳልሆነ እናቶች በምላሳቸው ያውቁታል፤ የእኛ ድርሻ ምክንያቱን መጨመር ነው።

በአንጻሩ ከምግብ ጋር አብሮ የሚጠጣ ወፍራም ሻይ ሌላ ጉጠት ያመጣል። በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ብረቱን ይይዝና እንዳይገባ ይከለክላል። ነፍሰ ጡር እናትና ደም ያነሰው ልጅ ሻዩን ከምግብ ጋር ከመጠጣት ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቆይተው ቢጠጡት ይሻላቸዋል። ይህ ምክር ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሚያስረዳ መምህር ነው።

ሦስተኛ፣ ደማችንና ቅጠሉ። በሄሞግሎቢን እያንዳንዱ ሄም ውስጥ አንድ ብረት አለ፤ አራት ናይትሮጅኖች ፖርፊሪን በሚባል ቀለበት ውስጥ ሆነው ይይዙታል፤ አምስተኛው ክንድ ከፕሮቲኑ ይመጣል፤ ስድስተኛው ቦታ ለኦክስጅን ክፍት ነው። ቅጠሉን አረንጓዴ ያደረገው ክሎሮፊልም እጅግ የሚመሳሰል ቀለበት አለው፤ በብረቱ ፋንታ ግን ማግኒዝየም ተቀምጦበታል። የበሬው ደም ቀይ፣ የበላው ሣር አረንጓዴ የሆነው በወንድማማች ቀለበቶች ውስጥ የተለያየ እንግዳ ስለተቀመጠ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ይህን ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ብትነግረው የሚረሳው ይመስላችኋል?

የደም ነገር ከተነሣ የራሳችንም ሕዝብ ለዓለም ሳይንስ ጥያቄ ያቀረበበት ነገር አለ። በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢናቸው በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይበልጥ፣ ደማቸው የሚሸከመውም ኦክስጅን እንደማያንስ ተገለጠ። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ያሉ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። ይህ ለምን እንደሆነ መጠየቅ የሚችል ልጅ ከየት ይመጣል? ሄሞግሎቢን ምን እንደሚመስል ከነገረው መምህር እጅ ነው የሚመጣው።

አራተኛ፣ ሥራው በአገራችን ስም የሚታተም መሆኑ። የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ቡለቲን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚወጣ መጽሔት ነው። የመዳብ፣ የዚንክ፣ የኒኬልና የመሳሰሉት ብረት አስተኔዎች ከኦርጋኒክ ሊጋንዶች ጋር የሚሠሩት ኮምፕሌክስ የክሪስታል ቅርጽ ከገጾቹ አይጠፋም። ከእነዚህም ጽሑፎች ብዙዎቹ ከቻይናና ከሌሎች አገሮች የሚላኩ ናቸው። የውጭ አገር ሰው ክሪስታሉን አሳድጎ፣ በራጅ አንብቦ፣ ውጤቱን «ኢትዮጵያ» የሚል ስም በያዘ መጽሔት ሲያወጣ፣ የእኛ ዕጩ መምህር ስሙን እንኳ ሳይሰማ መመረቁ ያሳዝናል። ለመመራመር አልደረስንም ይባል፤ ይሁን። ሥዕሉን አይቶ «ይህ መዳቡ ነው፣ እነዚህ የያዙት ክንዶች ናቸው» ለማለት ግን ምን የሚያግደን አለ?

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። ብዙ ጊዜ የሚሰማው «የራጅ መሣሪያ በሌለበት የክሪስታል ቅርጽ እንዴት ይማራል?» የሚል ነው። ለዚህ የሚመልስልኝ አልፍሬድ ቨርነር ነው። ይህ ሰው የኮምፕሌክስን ሕግ ያቀረበው በ1893፣ በ26 ዓመቱ፣ ራጅ ገና ከመገኘቱ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። በምን አወቀ? በመቁጠር! በኮባልት፣ በአሞኒያና በክሎሪን የተሠሩ ውሁዶችን ወስዶ ብር ናይትሬት ሲጨመርባቸው ስንት ክሎሪን እንደሚዘቅጥ ቆጠረ። ስድስት አሞኒያ ያለው ሦስቱንም ክሎሪን ይለቃል፤ አምስት ያለው ሁለት፤ አራት ያለው አንድ ብቻ። ስለዚህ ያልተለቀቁት ክሎሪኖች ከአሞኒያዎቹ ጋር ሆነው ኮባልቱን ይዘዋል፤ የያዦቹም ቁጥር ዘወትር ስድስት ነው አለ።

ስድስቱስ እንዴት ተቀመጡ? አሁንም ቆጠረ። አራት አንድ ዓይነትና ሁለት ሌላ ዓይነት ሊጋንድ ቢኖሩ፣ ስድስቱ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ክብ ላይ ቢሆኑ ሦስት ልዩ ልዩ ቅርጾች ይገኙ ነበር። አራቱ በአራቱ ማዕዘን፣ አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ምድር ቢሆኑ ግን ሁለት ብቻ ይገኛሉ። እርሱ ያገኘው ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ወይን ጠጅ፤ ሁለተኛውንም በእጁ ለማስገባት እስከ 1907 ደክሟል። በ1913 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ በ1919 ሞተ። ራጁ በ1920ዎቹ መጀመሪያ መጥቶ «ልክ ነበርክ» አለው። እንግዲህ ማሰብ ከመሣሪያ ሊቀድም ይችላል። መሣሪያ ይምጣልን ማለት ተገቢ ነው፤ መሣሪያ እስኪመጣ አናስብም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ጊዜ የለም፣ የትምህርት ይዘቱ ብዙ ነው፣ ፈተናውም ቀመር ነው የሚጠይቀው» የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። መምህሮቻችንም የሚያስተምሩት በተሰጣቸው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ጥፋቱን በእነርሱ ላይ ለመጣል ይህ ጽሑፍ አልተጻፈም። ነገር ግን አምስት ቀመር ሸምድዶ አምስቱንም ከመርሳት ሁለት ቀመር ከነቅርጹ ማወቅ አይሻልም ወይ? ፈተናውም ቢሆን የሰው ሥራ ነው፤ «ቀመሩን ጻፍ» ከሚለው ጎን «ከአምስቱ ውሃ አንዱ ለምን ተለየ?» የሚል ጥያቄ ሊጨመርበት ይቻላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው። «ቅርጽ ማወቅ እርሻ አያድንም፤ ለገበሬው የሚያስፈልገው ኖራ ነው እንጂ የአልሙኒየም ሥዕል አይደለም» የሚል ነው። አዎ፣ ሥዕል ኖራ አይሆንም። ኖራ ከባድ ነው፤ በሄክታር ብዙ ኩንታል ይጠይቃል፤ ማጓጓዣም ይፈልጋል። ይህን መምህር አይፈታውም። ሆኖም ኖራው ደጁ ድረስ መጥቶለት እንኳ «ይህ ነጭ ዱቄት መሬቴን ያቃጥልብኛል» ብሎ የሚያመነታ ገበሬ ሊኖር ይችላል። ለአባቱ ማስረዳት የሚችል ልጅ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያ ልጅ ደግሞ «አሲድ ሲደመር ቤዝ» የሚለውን መስመር ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ቅንጣት የትኛውን ሥር እንደሚጎዳ የተነገረው ልጅ መሆን አለበት። መምህሩ ኖራውን አይሸከምም፤ ምክንያቱን ነው የሚሸከመው።

ስለሆነም ለዕጩ መምህራንም ለመምህራንም የሚከተሉትን አራት ነገሮች አቀርባለሁ። ከተለመደው ዕቃ የወጣ ነገር አይጠይቁም።

1ኛ/ ክሪስታል እናሳድግ። በሙቅ ውሃ ውስጥ ኮፐር ሰልፌት እስኪጠግብ ማሟሟት፣ ማጥለል፣ አንዲት ትንሽ ክሪስታል በክር አንጠልጥሎ ነፋስና ትቢያ በማይነካው ጥግ ማስቀመጥ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠርዘ ስለታም ሰማያዊ ድንጋይ ይገኛል። መርዝ ስለሆነ ልጆች እንዳይቀምሱት፣ ዕቃውም ለምግብ ተመልሶ እንዳይውል ጥብቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለታናናሽ ክፍሎች በጨው ይሠራ።

2ኛ/ በጭቃ እንሥራ። የሸክላ ጭቃ ድቡልቡልና የሸምበቆ ስንጥር ይበቃል። አንዱን ድቡልቡል መሐል አድርገን ስድስት ስንጥር እንሰካበት፤ ሁለቱን ጫፎች በሌላ ቀለም እንቀባና የቨርነርን ቆጠራ ራሳችን እንቁጠር። ሁለት ወይስ ሦስት? የቆጠረ አይረሳም።

3ኛ/ የሻይና የምስማር ሙከራ ይደረግ። የዛገ ምስማር በኮምጣጤ ውስጥ አሳድሮ ፈሳሹን ማጥለል፤ ከዚያ በወፍራም ሻይ ውስጥ ጥቂት ጠብታ መጨመር ነው። ሻዩ ወዲያው ይጠቁራል፤ ብረትና ታኒን ኮምፕሌክስ ሠሩ ማለት ነው። ቀጥሎ ሎሚ ሲጨመቅበት ጥቁረቱ እየለቀቀ ይሄዳል፤ የሎሚው ኮምጣጣነት የታኒኑን መያዣ ያላላዋል፣ ሲትሬቱም ብረቱን ይነጥቀዋል። ሙከራው ለመጠጥ አይሆንም፤ ይደፋል። ነገር ግን ልጆቹ ሻይ ከምግብ ጋር ለምን እንደማይመከር፣ ሎሚና ቃሪያ ያለበት ምግብ ደግሞ ለምን ብረት እንደሚያስገባ በዓይናቸው ያያሉ። በበርበሬ በሚታወቀው በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ቃሪያ ከየት ይመጣል የሚል መምህር አይኖርም።

4ኛ/ ለቃላቱ አማርኛ እንፈልግላቸው። «ኬሌት» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ «እንደ ጉጠት ጨምድዶ የሚይዝ» ብሎ መጨመር ግን ልጁን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። የውጭው ቃል ይቅር አልተባለም፤ ለፈተናውም ለወደፊት ትምህርቱም ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከጎኑ የሚያውቀው ነገር ይቁምለት።

በአጠቃላይ የክሪስታል ቅርጽ ትምህርት የምናወርደው ውዳሴ አይደለም። ማን ማንን እንደያዘ፣ በስንት ክንድ እንደያዘ፣ ማንስ እንደሚያስለቅቀው የምንጠይቅበት መንገድ ነው። አልሙኒየሙን ማን ይዞታል? ብረቱን ማን ይዞታል? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ የሚገባ መምህርና ቀመር ብቻ ይዞ የሚገባ መምህር በአንድ ክፍል ውስጥ ቢያስተምሩ ልጆቹ ራሳቸው ይለዩአቸዋል።

ይህ የአንድ ሰው አስተያየት ነው። «አይ፣ ለገጠር ትምህርት ቤት ከዚህ የሚቀድም ነገር አለ» የሚል ካለ ምክንያቱን ጽፎ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን። የሻዩን ሙከራ የሠራም ያየውን ይጻፍልን፤ ካልሠራለትም ያልሠራበትን ምክንያት።

ከአንድ የሳይንስ ዕጩ መምህር